ያልተፋቀው ጎን

ነገር የሸተተኝ ባሌ ግድግዳ ማጠብ የጀመረ ቀን ነው።

በትዳር ዘመናችን ሁሉ መዶሻ አንሳ ሲባል ወገቡን የሚይዝ ሰው፣ ያን ዕለት ማልዶ ተነስቶ፣ ባልዲውን በሳሙና ውሃ ሞልቶ፣ ረጅም እጀታ ያለው ብሩሽ ይዞ ቤታችንን ከውጭ ሲያሽ አገኘሁት። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ነው የሚያጥበው። ለምን ብዬ ብጠይቀው «ከላይ ከጀመርሽ ቆሻሻው ውሃ በደረቁ ሳንቃ ላይ እየወረደ መስመር ያወጣል፤ ቀለም ሻጩ ነው የነገረኝ» አለኝ። ቀለም ሻጭ ጋ ሄዷል ማለት ነው። እኔ ሳላውቅ።

ቤታችን የሳንቃ ቤት ነው። ረጃጅም ሳንቃዎች አንዱ የሌላውን ጫፍ እየደረበ ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው ክዳን ድረስ ተደርድረዋል። ቀለሙ ከመቆየት ብዛት ተሰነጣጥቆ እዚህም እዚያም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገልብጧል። ይቀባልን እያልኩ ስነዘንዘው መኖሬን አልክድም። ግን «ዝናቡ ይለፍ»፣ «ወገቤን ይሻለኝ» እያለ ሲያባብለኝ የኖረ ሰው እንዴት በአንድ ሌሊት እንዲህ ተለወጠ? ሳይለመን የሚተጋ ባል እኔ አላምንም።

ባሌ ሹፌር ነው። የፋብሪካ ሠራተኞችን ጠዋት የሚያደርስ፣ ማታ የሚመልስ የሰርቪስ አውቶቡስ ይነዳል። የሥራ ጓደኞቹ «መስታወት» ይሉታል፤ ከኋላው የሚሆነውን ሁሉ አንገቱን ሳያዞር ያያል ለማለት ነው። ስሙን ይወደዋል። ታዲያ በቅርቡ አንድ ቀን ራሱን ክፉኛ አሞት ገብቶ፣ ክፍሉን አጨልሞ ተኝቶ ዋለና በማግስቱ «አሁን ደህና ነኝ» ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። ብዙም ሳይቆይ «የዓመት ፈቃድ ወጥቻለሁ፤ ቤቱን ላዘጋጅና ቀቢ ይምጣበት» አለኝ። ይህን ሲል ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ነበር። ባሌ ሲዋሽ ጣሪያ ያያል።

የእሱ ታላቅ እህት ስንት ዘመን ሙሉ ያን ቤት ሽጡት ስትል ኖራለች። «ሽጣችሁ እኔ አጠገብ ኑሩ፤ ስታረጁ ማን ያያችኋል?» ትላለች። ለእሷ ቀላል ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ ያለችው ፊት ለፊት ባለው ክፍል መስኮት ሥር ነው፤ ደንበኞቼ ይህን በር ለምደው ነው የሚያንኳኩት። ከዚህ ቤት ከወጣሁ ማን ፈልጎ ያገኘኛል? ባሌ «ያላንቺ ፈቃድ አይሸጥም» ብሎ ምሎልኛል። መሐላው ግን ጣሪያ ሳያይ የማለው የድሮ መሐላ ነው፤ አሁን ጣሪያ ማየት ጀምሯል።

ሳንቃው ታጥቦ ሲደርቅ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«ልትሸጡት ነው እንዴ?»

«ማን አለ?»

«ማንም አላለም። እንዲህ ሲሽሞነሞን አይቼ ነው። የእኔ የአክስት ልጅ ቤቱን የቀባው ሊሸጠው ሲል ነበር።»

ሳቅኩላት፤ ገብቼ ግን መርፌዬን ሁለት ጊዜ ሰበርኩ። ከዚያ ወዲያ ዓይኔን ከሰውዬው ላይ አላነሳሁም። ስልኩ ሲጮህ ወደ ጓሮ ይወጣል። እህቱ ናት፤ ድምጿ ከስልክ ውስጥ እንኳ አጥር ይዘላል። ጆሮዬን ቀስሬ ከእሱ አፍ የያዝኩት ነገር ቢኖር «ለእሷ እስካሁን አልነገርኳትም» የምትለዋን ብቻ ነው። በቃች።

ሌላም ሌላም አየሁ። ሩዝና ድንች አቅርቤለት የሳህኑን አንድ ወገን ይጠርግና ሌላውን እንዳለ ይተወዋል። «ምነው አልበላህም?» ስለው «ጨርሼ የለም እንዴ?» ይለኛል፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። እህቱ ቤት በልቶ መጥቶ ነው አልኩ በልቤ። አንድ ጠዋት ጢሙን አንዱን ጉንጭ ላጭቶ ሌላውን ትቶት ወጣ። ወዴት ቢቸኩል ነው? የበሩን መቃን በትከሻው ሲገጨው ደግሞ ጠጥቷል ብዬ ቀርቤ አሸተትኩት። የሳሙና ሽታ ብቻ ነው ያለው።

ቀጥሎ መፋቅ ጀመረ። ስፓቱላውን ከተላጠው ቀለም ሥር እያስገባ ይልጠዋል፤ ያልለቀቀውን በሽቦ ብሩሽ ይፍቀዋል፤ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀቱን በትንሽ እንጨት ላይ ጠቅልሎ ጠርዙን እስኪለሰልስ ይሞርደዋል። ብቅ ያሉ ሚስማሮችን መታ መታ አድርጎ ያስገባል፤ ቀዳዳውን በስቱኮ ይደፍናል። ሥራው እውነት ለመናገር ያምር ነበር። የነካት ሳንቃ እንደ ሕፃን ጉንጭ ትለሰልሳለች።

ችግሩ የነካው ግማሹን ነው። መሰላሉን አንድ ቦታ ያቆማል፤ ከዚያ ላይ ሆኖ እጁ የሚደርስበትን ይፍቃል፤ ወርዶ መሰላሉን ያዛውራል። ሲጨርስ ወጥቼ ባየው የፊት ለፊቱ ግድግዳ ባለ መስመር ጨርቅ መስሏል። አንድ ሰንበር የተፋቀ፣ አንድ ሰንበር ያልተነካ፣ እንደገና የተፋቀ። እኔ መስመር አይቼ ዝም የምል ሰው አይደለሁም፤ ሥራዬ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«ግማሹን ትተኸዋል እኮ።»

ግድግዳውን አየ። በደንብ አየው። ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ፤ ፊቱ ላይ ቅንጣት እፍረት የለም። «ጨርሻለሁ» አለኝ። «ነገር ስትፈልጊ ነው እንጂ ጨርሻለሁ።»

ደሜ ፈላ። ይህ ሰው ወይ እየቀለደብኝ ነው፣ ወይ ለገዢ ዓይን ያህል ከመንገድ ሲያዩት የተሠራ የሚመስል ነገር እየሠራ ነው። ቀቢው ደግሞ በተላጠው ላይ ይቀባል፤ ክረምቱ ሲመጣ ይረግፋል፤ ያን ጊዜ ግን የቤቱ ጌታ ሌላ ሰው ነው፣ እኛን ምን ገዶን። እንዲህ ብዬ አሰብኩና እሱን እጅ ከፍንጅ ልይዘው ቆረጥኩ።

በማግስቱ እሱ ቁርስ ላይ እያለ የልብስ ምልክት ማድረጊያ ጠመኔዬን ይዤ ገና ወዳልጀመረው የጓሮ ግድግዳ ወጣሁ። መሰላሉ ሊቆምበት በሚችል በእያንዳንዱ ቦታ፣ በግራም በቀኝም፣ ባልተፋቀው ቀለም ላይ ትንንሽ መስቀለኛ ምልክት አደረግሁ። የተላጠ ቀለም ላይ ያለ ጠመኔ ስፓቱላ ሲነካው ይጠፋል። ምልክቱ ካለ አልሠራም፤ ከሌለ ሠርቷል። ሰው ሊዋሸኝ ይችላል፣ ጠመኔዬ ግን ዋሽታኝ አታውቅም።

ቀኑን ሙሉ መፋቂያው ሲጮህ ዋለ። በየመሀሉ ያንጎራጉራል፤ ደስ ብሎታል። እኔ ወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ሆኜ የአንዲት ደንበኛዬን ቀሚስ በእጄ እያሳጠርኩ በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ። አንዱን ቦታ ሁለት ሦስት ጊዜ እየተመላለሰ እንጨቱ ነጭ እስኪሆን ይሞርደዋል፤ ከአጠገቡ ያለችው የተላጠች ሳንቃ ግን ቅርፊቷ በነፋስ እየተርገበገበ ዘወር ብሎም አያያት።

አመሻሹ ላይ ለመታጠብ ገባና እኔ ወጣሁ። በቀኝ በኩል ያሉት ምልክቶቼ በሙሉ ጠፍተዋል። በግራ ያሉት በሙሉ አሉ። አንዷ እንኳ ጫፏ አልተነካም። እንዲህ ያለ ነገር በአጋጣሚ አይሆንም። ነቅቶብኛል አልኩ። ምልክቶቼን አይቶ፣ ለእልህ፣ እየመረጠ ትቷቸዋል።

እራት ላይ ዓይን ዓይኑን እያየሁ «ዛሬ ግድግዳው ላይ ምንም አላየህም?» አልኩት።

«ምን ላይ?»

«ጠመኔ።»

«አንድ ሁለት ቦታ የሆነ ነገር ነበር መሰለኝ፤ ፈግፍጌ አጠፋሁት። አንቺ ነሽ?» አለና ሳቀ። «ግድግዳውንም ልትሰፊው ነው?»

ጣሪያ አላየም። ይህ ነው ያልገባኝ። ዓይኑ ፊቴ ላይ ነበር፣ ሳቁም የእውነት ሳቅ ነበር። ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ፣ ሲነጋ ለእህቱ ደወልኩላት። «ከእኔ የደበቃችሁት ነገር አለ?» ብላት ዝም አለች። ይህች ሴት ዝም ብላ አታውቅም።

«እሱ ራሱ ይንገርሽ» አለች በመጨረሻ። «እኔ አልነግርሽም። አስምሎኛል።»

«ቤቱን ነው?»

«የምን ቤት?» አለችኝ። ደግሞ ደህና አድርጋ ነው የተገረመችው። ስልኩን ዘጋሁባት።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ የአውቶቡሱ ረዳት መጣ፤ በሩ ላይ ሆኖ ሰው የሚያወጣና የሚያወርድ፣ ከባሌ ጋር ብዙ የቆየ ጎልማሳ ነው። ባሌ ጓሮ መሰላል ላይ ነበርና መጀመሪያ እኔን አገኘኝ።

«እትዬ፣ ደህና ዋሉ? ጋሼ መስታወት አሉ? የምሥራች ይዤ ነው። አውቶቡሱ ከጋራዥ ወጣ፤ ግራ ጎኑ ተቃንቶ፣ ተቀብቶ፣ አዲስ ሆኗል።»

«ምን ሆኖ ነው የተቃናው?»

ፈገግታው ጠፋ። ጫማውን አየ፤ እጁን አየ። «አልነገሩዎትም?»

«ግባና ተቀመጥ» አልኩት። ወንበሩን ያቀረብኩለት እንዲነሳ እንዳልፈለግሁ በሚገባው አኳኋን ነው።

የነገረኝ ይህን ነው። ባሌ የፋብሪካውን ግቢ በር ሲገባ የአውቶቡሱን ግራ ጎን ከብረቱ ጋር አፋትጎታል። ከዚያ ቀደም ብሎ መስታወቱን ግንድ ላይ ሰብሮት ነበር፤ ያም የግራው ነው። «የበሩ ዘበኛ እጁን እያወዛወዘ ቁም፣ ቁም እያለ ነበር» አለ ረዳቱ። «ዘሎ ነው የተረፈው። ጋሼ ግን ወርደው፣ እዚያ ማንም ሰው አልነበረም፣ ይሄ ውሸታም ሊያስባርረኝ ነው ብለው በሠራተኛው ሁሉ ፊት ሰደቡት። እኔ ጋሼን አውቃቸዋለሁ፤ ሰው የሚሳደቡ አይደሉም። ኃላፊውም ደክሞዎታል፣ ይረፉ ብሎ ወደ ቤት ላካቸው።»

«የዓመት ፈቃድ ነው ያለኝ።»

«አፍረው ነዋ፣ እትዬ። አሁን ግን አልፏል። ነገ ጠዋት ይግቡ ተብሏል። ቁልፉን እኔው አመጣሁላቸው።»

ቤቱ አልተሸጠም። መጀመሪያ ያሰብኩት ይህን ነው፤ ከትከሻዬ ላይ ሸክም እንደወረደ ተሰማኝ። ቀጥሎ ስለዋሸኝ ቆሽቴ አረረ። ከዚያ ግን ግራ የምትለዋ ቃል አልለቅ አለችኝ። የአውቶቡሱ ግራ። የመስታወቱ ግራ። ጠመኔዬ የቀረችው በየትኛው በኩል ነበር?

ረዳቱን ተከትዬ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ባሌ ከመሰላሉ ወርዶ እስከ ወገቡ ድረስ ያለውን ሳንቃ ይሞርዳል። ረዳቱ በግራው በኩል ሄዶ አጠገቡ ቆመና «ጋሼ» አለው። ባሌ ቀና ብሎ ወደ ቀኙ አየ። ማንም የለም። ወደ መሰላሉ አናትም አንጋጠጠ። «ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ እንጂ፣ ወዲህ ነኝ» ብሎ ረዳቱ በፊቱ ዞሮ ወደ ቀኝ አለፈ። ያን ጊዜ ባሌ ፊቱ በራ፤ ተቃቀፉ፤ ቁልፉን ተቀብሎ ሳመና በሸሚዙ ኪስ ከተተው። ረዳቱ ምንም ያስተዋለ አልመሰለኝም። ሰው ሲያረጅ ጆሮው ይደክማል ብሎ አልፎት ይሆናል። ነገ ጠዋት እንገናኝ ተባብለው ሄደ።

ገብቼ ሻይ ቀዳሁ። ስኒውን ይዤ ወጣሁ። በግራው በኩል ሄድኩ። ክርኑ ሊነካኝ እስኪደርስ ተጠጋሁ። ስኒውን ፊቱ አጠገብ ያዝኩለት። እንፋሎቱ ሲወጣ ይታየኛል።

ባሌ ብርጭቆ ወረቀቱን አራገፈ፣ ግንባሩን ጠረገ፣ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ተጣራ። «አንቺ ሴት፣ ዛሬ ሻይ የለም?»

ሰውዬው ጨርሻለሁ ሲለኝ አልዋሸኝም። ሳህኑንም ጨርሷል፣ ጢሙንም ተላጭቷል፣ ግድግዳውንም ፍቋል፤ እሱ በሚያየው ዓለም ውስጥ ሁሉም አልቋል። ራሱን አሞት ከተኛበት ቀን ወዲህ ሌላው ግማሽ ለእሱ ያልተሠራ ሳይሆን የሌለ ነው። በዚያ በሌለው በኩል ደግሞ ነገ ጠዋት ሰው የሞላ አውቶቡስ ይዞ ሊያልፍ ነው። ከፊት የሚመጣው መኪና በዚያ በኩል ነው። መንገድ የሚያቋርጠውም፣ ዘበኛውም።

ዞሬ በቀኙ መጣሁ።

«መጣሽ?» አለኝ፤ ስኒውን ተቀበለኝ። «ልጁ ነገረሽ አይደል? ፊትሽ ያስታውቃል። ልነግርሽ ነበር። ያ ውሸታም ዘበኛ ነው ጉድ የሠራኝ። አንድ ቀን ይወጣል፣ ታያለሽ። ከኋላው ሰው አለ፤ ቦታዬን የፈለገ ሰው አለ።»

«ሻይህን ጠጣ።»

ጠጣ። ከዚያ ስኒውን ተቀብዬ መሬት አስቀመጥኩና በግራው በኩል ዞሬ ግራ እጁን ያዝኩት። ደነገጠ። እጁን ወሰድኩና መዳፉን ባልተፋቀው ሳንቃ ላይ አሳረፍኩት፤ በላዩ ላይ የእኔን ጫንኩበት። ቅርፊቱ ከመዳፉ ሥር ተንኮሻኮሸ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት።

ፊቱ አሁንም ወደ ቀኝ ነው። «የተላጠ ቀለም።»

«የማን ግድግዳ ነው?»

ትንሽ አሰበ። «የጎረቤት ነዋ። የእኛን ፍቄ ጨርሼዋለሁ።»

«የጎረቤት ግድግዳ ከአጥር ወዲያ ነው። ክንድህ እስከዚያ ይደርሳል?»

ሊሥቅ ብሎ ተወው። ጉንጩን በሌላው እጄ ያዝኩና ቀስ አድርጌ ፊቱን ወደ ግራ ማዞር ጀመርኩ። ያልተላጨው ጉንጩ እጄን ወጋኝ። አንገቱ እንቢ አለ፤ የማይፈልገውን ነገር እንደምታሳየው ሕፃን ታገለኝ። አልለቀቅኩትም። ዞሮ ዞሮ የራሱን እጅ ሳንቃው ላይ አየው። ከእጁ ወዲያ ያለውን ሰንበር አየ። ከዚያ ወዲያ ያለውን። ጠመኔዬን አየ። ሁሉንም እስከ ጥጉ ድረስ አየ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ እየቆጠረ መሰለኝ።

«ይሄን ሁሉ?» አለ።

«ይሄን ሁሉ።»

«አንቺ ነሽ እንዳይሠራ ያደረግሽው ብዬ ልናገርሽ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «አሁን አፌ ላይ ነበር። ከእኔ ኋላ እየመጣሽ የምታበላሺብኝ መስሎኝ ነበር።»

«እኔም ቤቱን ልትሸጥብኝ መስሎኝ ነበር» አልኩት።

ይህን ሰምቶ እንደሁ አላውቅም። ጉንጩን ስለቀው ፊቱ በራሱ ተመልሶ ወደ ቀኝ ሄደ፤ ሊይዘው ሲሞክር እንኳ አየሁት። «ነገ አውቶቡስ የለም» አልኩት። «ነገ ሐኪም ቤት ነን፤ እኔና አንተ።»

ፀሐይዋ ከጣሪያው ወዲያ ወርዳ የተፋቀውም ያልተፋቀውም ሳንቃ አንድ መልክ ሊይዝ ምንም አልቀረው።

«ዘበኛው የት ነበር የቆመው?» አለኝ።

«በግራህ።»

«እጁን እያወዛወዘ።»

«አዎ።»

«ቤተሰብ አለው» አለ። «የመጀመሪያ ልጁን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ።» ከዚያ እጁን ወደ ሸሚዙ ኪስ ሰደደና ቁልፉን አወጣ። መዳፉ ላይ ትንሽ መዘነው፤ ለእኔ ሊሰጠኝ እጁን ዘረጋ። የዘረጋው ወደ ቀኙ ነበር፣ እኔ ወደሌለሁበት።

በኋላው ዞሬ ሄጄ ተቀበልኩት።